የጠባይ መጠይቅ ምን ይለካል?
በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዳማ በኩል ወደ ደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ አሰላ ሲገባ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጭላሎ ተራራ ይቀበለዋል። ከተራራው ግርጌ እስከ ሳጉሬና እስከ በቆጂ የተዘረጋው የገብስና የስንዴ ማሳ ዓይን ያረካል። ይሁን እንጂ በዚያ ማሳ ላይ የተዘራው ሰብል ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ የገጠር ልማት ታሪክ ብዙ ሐሳብ የተዘራበት፣ አንዳንዱ የበቀለበት፣ አንዳንዱም መክኖ የቀረበት የሙከራ ቦታ ነው። በ1967 (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተዋውለው ያቋቋሙት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ የተሻሻለ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ይዞ የመጣው በዚሁ አገር ነው። የቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ጣቢያም እስከ ዛሬ ድረስ በአሰላ አጠገብ ሥራውን ይቀጥላል።

ብድር ባለበት ሁሉ አንድ ጥያቄ አብሮ አለ፤ ይኸውም «ለማን ይሰጥ?» የሚለው ነው። የካዱ ተበዳሪዎች ቁጥር ከጥቂት መቶዎች ተነሥቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአሥር ሺህ በላይ ሲደርስ ጥያቄው እየከበደ ሄደ። ባለርስቱ መሬቱ ዋስ ይሆነዋል፤ ጭሰኛው ግን ዋስ የሚሆነው ነገር የለውም። የድርጅቱ ሠራተኞችም ሆኑ የአካባቢው ሽማግሌዎች ሰውን የሚመዝኑት በዓይንና በስም ነበር፤ «እገሌ ታታሪ ነው፤ እገሌ ቃሉን ያከብራል፤ እገሌ ግን ነገ የማይታመን ነው» እየተባለ። ይህ ሚዛን ጉድለቱ ብዙ ቢሆንም ሚዛኑን የያዘው ሰው ይታወቅ ነበር፤ የተከፋ ሰው የሚከራከረው አያጣም።

ዛሬ ያው ጥያቄ ሌላ መልክ ይዞ መጥቷል። በኢትዮጵያ በ2012 በተጀመረው የሴቶች ሥራ ፈጣሪነት ልማት ፕሮጀክት ውስጥ፣ ዋስትና የሚያስይዙት ንብረት የሌላቸው ሴቶች እንዲበደሩ ለማስቻል የዓለም ባንክ ባለሙያዎች የሥነ ልቡና መጠይቅ ሞክረዋል። በመጠይቁ ከፍተኛ ውጤት ያገኙት ተበዳሪዎች ዝቅተኛ ካገኙት ይልቅ ብድራቸውን የመመለስ ዕድላቸው ሰባት እጥፍ ሆኖ መገኘቱን አስታውቀዋል። ውጤቱ የሚናቅ አይደለም። ብዙ ሴቶች ዋስትና የሚያስይዙት ንብረት በሌላቸው አገር፣ ሴቲቱ በጠባይዋ ተመዝና እንድትበደር ማድረግ ለብዙዎች የተከፈተ በር ነው። ነገር ግን መጠይቁ ብድር መመለስን ሲተነብይ ጠባይን ለካ ማለት አይደለም። የተማረውን ካልተማረው፣ ከተሜውን ከገጠሬው የሚለይ ማናቸውም ወረቀት ብድር መመለስን በመጠኑ ሊተነብይ ይችላል። ወረቀቱ «ትጋት» የሚል ስም ተሰጥቶት በእውነት የሚለካው የትምህርት ዘመንን ከሆነ፣ ትጉዋ መሃይም ትጉ አይደለሽም ተብላ ትመለሳለች፤ ስለምን እንደተመለሰችም ማንም አይነግራትም። የዛሬው ንግግር ርእስ ይህ ነው። አንድ የጠባይ መጠይቅ ስሙ የሚናገረውን መለካቱ በምን ይታወቃል?

ጉዳዩ የሥነ ልቡና ሆኖ ሳለ ስለምን በመሐንዲሶች ጉባኤ ፊት ቀረበ የሚል ይኖር ይሆናል። ለዚህ አጭር መልስ አለ። የመጠይቅን ውስጣዊ አቋም የመመርመሪያ ዘዴ፣ ማለትም የፋክተር ትንተና፣ በ1904 በእንግሊዛዊው ቻርልስ ስፒርማን ቢጀመርም፣ ከአንድ ፋክተር በላይ የሚፈታ ሆኖ እንዲስፋፋ ያደረገው አሜሪካዊው ሉዊስ ቴርስተን ነው። ቴርስተን ደግሞ በትምህርቱ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሲሆን በወጣትነቱ በቶማስ ኤዲሰን ላቦራቶሪ ሠርቷል። ስለዚህ ዘዴው ለዚህ ሙያ ባዕድ አይደለም።

ነገሩን በድልድይ እንመስለው። በአንድ ድልድይ ላይ በልዩ ልዩ ቦታ ሃያ የመለጠጥ መለኪያዎች ተለጥፈዋል እንበል። ሌሊት ነው፤ መኪናው አይታይም። የሚታየው የሃያው መለኪያ ንባብ ብቻ ነው። አሥሩ አብረው ከፍ ሲሉ አሥሩ ዝም ካሉ፣ ቀጥሎም ሌሎቹ አሥር አብረው ከፍ ሲሉ የፊተኞቹ ዝም ካሉ፣ ድልድዩን የሚያስጨንቀው ጭነት አንድ ሳይሆን ሁለት መሆኑን፣ የትኛው መለኪያ የትኛውን ጭነት እንደሚያይ ጭምር፣ መኪናውን ሳያዩ መናገር ይቻላል። የፋክተር ትንተናም እንዲሁ ነው። መለኪያዎቹ ጥያቄዎች ናቸው፤ ንባቡ የሰዎች መልስ ነው፤ የማይታየው መኪና «ፋክተር» ይባላል፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ለፋክተሩ ያለው ታዛዥነትም ባጋጣሚ «ጭነት» በሚል ቃል ይጠራል። አንዱ ጥያቄ 0.8፣ ሌላው 0.7 ጭነት ቢኖራቸውና ሌላ የሚያገናኛቸው ነገር ባይኖር፣ በሁለቱ መካከል የሚጠበቀው ዝምድና የሁለቱ ብዜት፣ ማለትም 0.56 ይሆናል። 44 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ 946 እንዲህ ያሉ ዝምድናዎች አሉት፤ የሥራው ጠቅላላ ዓላማም እነዚህን 946 ቁጥሮች በጥቂት ፋክተሮች መግለጥ ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀና ይመስላል። ነገር ግን ድልድዩን የሚያውቅ መሐንዲስ አንድ ነገር ይጠይቃል። ሃያው መለኪያ ሁሉ ኃይል የሚያገኘው ከአንድ የኤሌክትሪክ መስመር ቢሆንና መስመሩ ቢዋዥቅስ? ያን ጊዜም ሁሉም አብረው ከፍ ይላሉ፤ አብረው ዝቅ ይላሉ፤ በድልድዩ ላይ ግን መኪና የለም። በጠባይ መጠይቅ ይህ የተለመደ በሽታ ነው። ስሙም የይሁንታ ዝንባሌ ነው። ከከተማ ወረቀት ይዞ የመጣ፣ ንጹሕ ልብስ የለበሰ ጠያቂ «ሥራዬን ጀምሬ ሳልጨርስ አልተውም፤ ይስማማሉ?» ሲል አባወራው «አዎን» ይላል። «ብዙ ጊዜ ሐሳቤ ይበታተናል፤ ይስማማሉ?» ሲባልም «አዎን» ይላል። እንግዳን በቤቱ «አይደለም» እያሉ መመለስ ነውር ስለሆነ ነው። የዚህ ሰው መልስ የሚያሳየው ትጋቱን ሳይሆን ጨዋነቱን ነው፤ በስሌቱ ግን ፋክተር ሆኖ ይወጣል፤ ስምም ይሰጠዋል።

ይህን ለማረም የመጠይቅ ደራሲዎች ግማሹን ጥያቄ በተቃራኒ ይጽፋሉ። እንግሊዝኛ ላይ ይህ መድኃኒት በመጠኑ ይሠራል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን ሌላ ሕመም ያመጣል። «ከሰው ጋር መጫወት አልወድም» ለሚል ዐረፍተ ነገር አንዱ «አዎን» ሲል አልወድም ማለቱ ነው፤ ሌላውም «አይ፣ አልወድም» ብሎ ያንኑ ይናገራል። «አዎን»ና «አይ» አንድ ትርጉም ይዘው በሁለት ዓምድ ይጻፋሉ። ስለዚህም በአሉታ የተጻፉት ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ለብቻቸው ተሰባስበው አንድ ፋክተር ይሆናሉ። ያ ፋክተር የጠባይ ሳይሆን የሰዋስው ነው። በአሰላ ዙሪያ ደግሞ ችግሩ እጥፍ ይሆናል፤ መጠይቁ በአማርኛ ተጽፎ ጠያቂው በቦታው ላይ ወደ ኦሮምኛ እየመለሰ የሚያነብ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ጠያቂ የራሱን መጠይቅ ጽፏል ማለት ነው። ትርጉሙ አስቀድሞ በጽሑፍ ሊወጣና በሌላ ሰው ወደ መነሻው ቋንቋ ተመልሶ ሊመረመር ይገባል።

በአገራችን በዚህ ረገድ ከተሠሩት ሥራዎች በጣም ሊነበብ የሚገባው ጠባይን የሚመለከት ሳይሆን የአእምሮ ሕመምን የሚመለከት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በየአገሩ ለማጣሪያ ያሰራጨው፣ በአዎንና በአይደለም የሚመለሱ 24 ጥያቄዎች የነበሩት መጠይቅ በኢትዮጵያም ሥራ ላይ ውሎ ነበር። ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ፍራንክ ኮርትማን ከባልደረባው ከቴን ሆርን ጋር በ1988 ባሳተመው ጥናት ያደረገው ነገር ቀላል ነው፤ ግን ከዚያ በፊት ያደረጉት ጥቂቶች ነበሩ። ተጠያቂዎቹ መልስ ከሰጡ በኋላ «ጥያቄውን እንዴት ተረዱት? ስለምን እንዲህ መለሱ?» ተብለው እንደገና ተጠየቁ። ብዙ ጥያቄዎች ከታሰበላቸው ትርጉም ውጭ መወሰዳቸውና የሰዎቹም መልስ በሕመማቸው ብቻ ሳይሆን ከመልሱ በሚጠብቁት ነገር ጭምር መመራቱ ታወቀ። ከመጠይቁ ጥያቄዎች አንዱ ሰው ሊጎዳዎት ሞክሮ እንደሆነ የሚጠይቅ ነው። ለመጠይቁ ደራሲዎች «አዎን» የሚለው መልስ የአእምሮ መታወክ ምልክት ነው። በድንበር በሚካሰሱበት፣ ቡዳ በሚፈራበት፣ የጎረቤት ዓይን በሚጠረጠርበት አገር ግን «አዎን» ማለት አካባቢን ማወቅ ሊሆን ይችላል። ሌላው ጥያቄ ደግሞ ሰዎች ከሚገምቱት በላይ ትልቅ ሰው መሆንዎን ያስባሉ ወይ የሚል ነው። ለዚህ አንድ ኩሩ ሽማግሌ የሚሰጡትን መልስ መገመት አያስቸግርም፤ ሕመም ግን አይደለም።

እንግዲህ ወደ ስሌቱ እንመለስ። አንድ መጠይቅ ታማኝ መሆኑን ለማሳየት በብዙ ጽሑፎች የሚቀርበው በ1951 ሊ ክሮንባክ ያስተዋወቀው «አልፋ» የተባለ ቁጥር ነው። ከ0.7 በላይ ከሆነ «መጠይቁ አስተማማኝ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ልማድ ሊተው የሚገባው ነው፤ ለምን እንደሆነ በትንሽ ሒሳብ ይታያል። ሃያ ጥያቄዎች አሉ እንበል። አሥሩ እርስ በርሳቸው 0.4 ዝምድና አላቸው፤ ሌሎቹም አሥር እንዲሁ። በሁለቱ ወገኖች መካከል ግን ዝምድናው ዜሮ ነው፤ ማለትም መጠይቁ ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ነገሮችን ይለካል። ከ190ው ጥንድ 90ው 0.4፣ 100ው ዜሮ ስለሆነ አማካዩ 0.19 ያህል ነው። ከዚህ የሚገኘው አልፋ 0.82 ነው! ሁለት ሸክም በአንድ ስም ጠርቶ «አስተማማኝ» የሚል ማኅተም ተመታበት ማለት ነው። አልፋ የጥያቄዎችን ብዛትና የጋራ ዝምድና ይቆጥራል፤ ጭነቱ አንድ ይሁን ሁለት፣ ወይም የመስመር መዋዠቅ ብቻ ይሁን አይናገርም።

ፋክተሩ ስንት ነው የሚለውን ለመወሰን የቆየው ደንብ፣ የራሱ ድርሻ ከአንድ በላይ የሆነውን ፋክተር ሁሉ መቀበል፣ ሲበዛ ለጋስ ነው፤ ከድንገተኛ ግጥጥሞሽ የተወለደውን ሁሉ ይቀበላል። ጆን ሆርን በ1965 ያቀረበው ዘዴ የተሻለ ነው። በዘፈቀደ የተሞሉ፣ ትርጉም የሌላቸው ብዙ የመልስ ሠንጠረዦች በተመሳሳይ ብዛት ተዘጋጅተው ፋክተራቸው ይሰላል፤ ከእነዚህ ባዶ ሠንጠረዦች ፋክተር የማይበልጥ ፋክተር ይጣላል። ዛሬ ይህ በማናቸውም ኮምፒዩተር የደቂቃ ሥራ ነው።

ይህ ግን ገና ፍለጋ ነው። ፈተና የሚባለው፣ «እነዚህ ጥያቄዎች በዚህ ፋክተር ላይ ብቻ ይጫናሉ፤ እነዚያ በዚያ» ብሎ አስቀድሞ ጽፎ፣ ውሂቡ ይህን ውድቅ ሊያደርግ እንዲችል በሩን መክፈት ነው። ይህን ያስቻለው ስዊድናዊው ካርል ዮረስኮግ ሲሆን ዋናውን ጽሑፉን ያወጣው በ1969 ነው። ስዊድናውያን የእርሻ ባለሙያዎች በአሰላ ገበሬውን ስለ ማዳበሪያ በሚያነጋግሩበት ጊዜ ሌላው ስዊድናዊ በአሜሪካ በፕሪንስተን ተቀምጦ ያንኑ ገበሬ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመዝነውን ስሌት ይጽፍ ነበር። ሁለቱ ሥራዎች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ አልተገናኙም።

ፈተናው ጥብቅ ነው። በጣም የታወቁት የጠባይ መጠይቆች እንኳ ብዙ ጊዜ አያልፉትም። አምስቱን ዐበይት ጠባዮች (ገላጭነት፣ መልካምነት፣ ትጋት፣ የስሜት ጽናትና ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን) በስፋት ያጠኑት ሮበርት ማክሬይና ባልደረቦቹ በ1996 ይህን አምነው፣ ስሕተቱ የመጠይቁ ሳይሆን የፈተናው ነው ሲሉ ተከራክረዋል። ጠባይ በእርግጥ የተደባለቀ ነው፤ አንድ ጥያቄ ሁለት ፋክተር ቢነካ አያስደንቅም፤ በዚህ ክርክራቸው እውነት አለ። ነገር ግን ለዕውቀት ብቻ የሚደረግ ጥናትና የሰው እንጀራ የሚወሰንበት ወረቀት እኩል አይፈተኑም። በወንዝ ላይ ለሥዕል የተሠራ ድልድይና ጭነት መኪና የሚያልፍበት ድልድይ እኩል እንደማይፈተኑ ሁሉ።

ከዓለም የተገኘው ማስረጃ ምን ይላል? በ2007 ዴቪድ ሽሚት ከብዙ ባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት 44 ጥያቄ ያለው የአምስቱ ጠባዮች መጠይቅ በ56 አገሮች ለ17,837 ሰዎች ቀርቦ ነበር፤ ኢትዮጵያም ከእነርሱ አንዷ ነበረች። የአምስቱ ፋክተር አቋም በብዙው ዓለም ታየ፤ በአፍሪካ ግን የመልሶቹ ውስጣዊ ስምምነት ከሌላው ዝቅ ያለ ነበር። ከተጠየቁትም ብዙዎቹ የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። የአርሲ ገበሬ በዚያ ውስጥ የለም።

ማንበብና መጻፍ ወዳልተስፋፋበት ገጠር ሲወረድ ነገሩ ይበልጥ ይፈርሳል። ማይክል ገርቨንና ባልደረቦቹ በ2013 በቦሊቪያ ጫካ አዳኝና አራሽ በሆኑት በጽማኔ ሕዝብ መካከል 632 ሰዎችን መርምረው አምስቱን ፋክተሮች ሊያገኟቸው አልቻሉም፤ ያገኟቸው ሁለት ናቸው፤ አንዱ ለሰው መትረፍ፣ ሁለተኛው ታታሪነት። የአገራችን ገበሬ ስለ ጎረቤቱ ሲናገር የሚጠቅሳቸው ሁለት ነገሮች እነዚሁ መሆናቸውን ልብ ያሏል። ቀጥሎም ራሺድ ላጃጅና ባልደረቦቹ በ2019 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ካላቸው 23 አገሮች በፊት ለፊት ጥያቄ የተሰበሰቡ የ94,751 ሰዎችን መልስ መርምረው፣ የአምስቱ ጠባዮች ጥያቄዎች ሊለኩት የታሰበውን በአብዛኛው አለመለካታቸውን አሳዩ። ከእነዚያው አገሮች በኢንተርኔት የመለሱት ሰዎች ውሂብ ግን የተሻለ አቋም ነበረው። ልዩነቱ የሰው ዘር ሳይሆን የትምህርት፣ የአጠያየቅና የይሁንታ ነው ማለት ነው። ላጃጅ ከካረን ማኩር ጋር በምዕራብ ኬንያ ገበሬዎች ላይ በሠራው ሥራም የጠያቂው ማንነት በመልሱ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ቀላል እንዳልነበረ ተገልጧል።

አሁን ወደ ጭላሎ እንመለስና ዋናውን ነጥብ እንይ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ የገጠር መሬት አዋጅ በ1975 ከመውጣቱ በፊት፣ በዚያ አገር ማዳበሪያና የተሻሻለ ዘር እርሻን ትርፋማ ስላደረጉት ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን ያስለቅቁ ነበር። በዚያን ጊዜ ጠያቂ መጥቶ ለአንድ ጭሰኛ «የሚመጣውን ዓመት ዛሬ አቅጄ እሠራለሁ»፣ «ሕይወቴ በገዛ እጄ ነው»፣ «ዛሬ ከመብላት ለነገ ማስቀመጥ ይሻላል» የሚሉ ጥያቄዎችን ቢያነብለት ምን ይመልስ ነበር? የሚመጣው ዓመት በጌታው እጅ ነው፤ የሚያስቀምጠው እህል ሲካፈል ያልቃል። ለሦስቱም «አልስማማም» ይላል። ባለርስቱ ደግሞ ለሦስቱም «እስማማለሁ» ይላል። ሦስቱ ጥያቄዎች አጥብቀው ይዛመዳሉ፤ አንድ ጥሩ ፋክተር ይወጣል፤ የስሌቱ ሰው «አርቆ አሳቢነት» ብሎ ይሰይመዋል። ነገር ግን የተለካው የመሬት ይዞታ ነው። ብድር የሚሰጠው በዚህ ውጤት ቢሆን ኖሮ፣ መሬት የሌለው መሬት ስለሌለው ብቻ አርቆ አሳቢ አይደለህም ተብሎ ይከለከል ነበር፤ ጥፋቱም በጠባዩ ላይ በተጻፈ ነበር።

የስሌቱ መሣሪያ ግን ይህን ሊያጋልጥ ይችል ነበር። የሁለት ወገኖችን መልስ ለየብቻ መውሰድ፣ ጭሰኛውን ለብቻ፣ ባለርስቱን ለብቻ፣ ከዚያም መጠይቁ በሁለቱ ውስጥ አንድ አቋም እንዳለው መመርመር ነው። መጀመሪያ የሚታየው ፋክተሮቹ በቁጥርና በአሰላለፍ አንድ መሆናቸው ነው። ቀጥሎ ጭነቶቹ እኩል መሆናቸው ይታያል፤ ይህ ካልሆነ አንዱ ጥያቄ በአንደኛው ወገን ዘንድ ከሌላው ይልቅ ስለ ጠባይ ብዙ ይናገራል ማለት ነው። በመጨረሻ፣ ብዙ ጊዜም ፈተናው የሚወድቅበት እዚህ ላይ ነው፣ የጠባያቸው መጠን እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች ለየጥያቄው የሚሰጡት መልስ መነሻው እኩል መሆኑ ይመረመራል። ሚዛን ባዶውን ሲቆም ዜሮ ማንበብ አለበት። ባዶውን ሦስት ኪሎ የሚያነብ ሚዛን እህልን በትክክል ይለያይ ይሆናል፤ ግን ያንን ሚዛን ከሌላ ሚዛን ጋር ማነጻጸር አይቻልም። ዛሬ ጭሰኛ የለም፤ ነገር ግን በራሱ ስም መሬት የተመዘገበለትና በመጋዞ የሚያርስ፣ ባልና ሚስት፣ የተማረና ያልተማረ፣ አማርኛ ተናጋሪና ኦሮምኛ ተናጋሪ በአንድ ቀበሌ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ስለ አርሲ ጠባይ ሲነሣ የሯጮቹ ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከአሰላ፣ ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለ ከበቆጂ አካባቢ መውጣታቸው «ጽናት የአርሲ ሰው ጠባይ ነው» የሚል ወሬ አስነሥቷል። በ2003 ሮበርት ስኮት፣ ያኒስ ፒትሲላዲስና ባልደረቦቻቸው ለብሔራዊ ቡድኑ 114 አትሌቶች መጠይቅ አቅርበው ነበር። የጠየቁት ግን ስለ ጽናት አልነበረም፤ የት ተወለድክ? ትምህርት ቤትህ ከቤት ምን ያህል ይርቃል? በምን ትሄድ ነበር? የማራቶን ሯጮቹ አብዛኞች ከአርሲና ከሸዋ መሆናቸው፣ ብዙዎቹም ወደ ትምህርት ቤት በሩጫ ይመላለሱ እንደነበር ታወቀ። እነዚህ ሊረጋገጡ የሚችሉ መልሶች ናቸው፤ ፋክተርም አያስፈልጋቸውም። በብድር መጠይቅም ውስጥ እንዲህ ያለው ጥያቄ ሊበዛ ይገባል። «ጠንቃቃ ነህ?» ከማለት «ያለፈውን ዓመት የዘር ገብስ ከየት አገኘኸው? ስንት ቀን ቀደም ብለህ?» ማለት ይበልጣል።

ሌላው ችግር ቃላቱ የመጡበት ቦታ ነው። አምስቱ ጠባዮች የተገኙት ከእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የተለቀሙ ቅጽሎች ተደርድረው ነው። በአማርኛ ሆደ ሰፊና ሆደ ባሻ፣ ልበ ሙሉ፣ ቁጥብ፣ ቂመኛ፣ ነገረኛ የሚባለው ሰው በእነዚያ ሣጥኖች ውስጥ በከፊል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይገባም። ይሉኝታ ደግሞ ከየትኛው ሣጥን ይገባል? ይሉኝታ ያለው ሰው ብድሩን የሚመልሰው ስለሚተጋ ሳይሆን ሰው ምን ይለኛል ብሎ ስለሚያፍር ነው፤ በዚያው ይሉኝታ ግን የተበደረውን ገንዘብ ለዘመዱ ሠርግ ያወጣዋል። ስለዚህ ብድርን ለመገመት ከአምስቱም ይልቅ የሚጠቅም ሊሆን ይችላል፤ መጠይቁ ግን አይጠይቀውም። ኦሮሞዎች ሰፉ የሚሉት የሚገባውንና የማይገባውን የመለየት ሕግም እንዲሁ ነው። አምበር ጌል ታልማየርና ባልደረቦቿ በ2020 ባሳተሙት ጥናት ከመዝገበ ቃላት የመጀመርን ዘዴ በማሳይ ቋንቋና በምዕራብ አፍሪካው ሱፒሬ ቋንቋ ሠርተውበታል። በአማርኛና በኦሮምኛም ሊሠራ የማይችልበት ምክንያት የለም፤ ቃላቱ አሉ፤ ተናጋሪውም አለ።

በአሰላ ዙሪያ አንድ መጠይቅ በእውነት ይፈተን ቢባል ሥራው እንደሚከተለው ይሆናል። በመጀመሪያ ሠላሳ ያህል ሰዎች፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ እንደ ኮርትማን ዘዴ እያንዳንዱን ጥያቄ ከመለሱ በኋላ በራሳቸው ቃል እንዲተረጉሙት ይደረጋል። ከዚህ ያልተረፈ ጥያቄ ከስሌት በፊት ይጣላል፤ ስሌት የተሳሳተ ጥያቄን አያቃናም። በአምስት ደረጃ መመለስ ለማይለመደው ሰው አምስት የጠጠር ክምር መሬት ላይ ተደርድሮ «እስከዚህ» ብሎ እንዲያሳይ ማድረግ ይሻላል፤ ቃል ለቃል ከማንበብ ይልቅ እጅ አይዋሽም ባይባልም ያግዛል። ጠያቂዎቹ ወደ ቀበሌዎቹ የሚመደቡት በዕጣ ነው፤ አለዚያ የጠያቂው ጠባይ የቀበሌው ጠባይ ሆኖ ይመዘገባል። አንዱ ጠያቂ የሰበሰበው መልስ ከሌሎቹ ለይቶ የሚታይ ከሆነ፣ ያ ራሱ ፋክተር ነውና በስሌቱ ውስጥ በስሙ መግባት አለበት። ጠያቂው የብድር ተቋሙ ሠራተኛ ባይሆን ይመረጣል፤ ገንዘብ የሚሰጠው ሰው ሲጠይቅ የማይተጋ ሰው አይገኝም።

ለስሌቱ ስድስት መቶ ሰዎች ቢጠየቁ፣ በሦስት መቶው ላይ ፍለጋው ይደረጋል፤ የተገኘው አቋም ተጽፎ ከታሸገ በኋላ በቀሪው ሦስት መቶ ላይ ይፈተናል። በአንድ ውሂብ ፈልጎ በዚያው ውሂብ ማረጋገጥ የራስን ፈተና ራስ እንደማረም ነው፤ ግን በየጊዜው ሲደረግ ይታያል። ከወር በኋላ ደግሞ ከመካከላቸው ሁለት መቶው እንደገና ይጠየቃሉ። ጠባይ በወር አይለወጥም፤ ስለዚህ መልሱ ብዙ የሚለወጥ ከሆነ የተለካው ጠባይ አይደለም።

ወጪው የሚያስፈራ አይደለም። አሥር ጠያቂዎች በቀን ስድስት ስድስት ሰው ቢያነጋግሩ የመጀመሪያው ዙር በአሥር የሥራ ቀን ያልቃል። ወቅቱ ጥርና የካቲት ቢሆን ይመቻል፤ የመኸሩ ሰብል ተወቅቶ ገብቷል፤ የበልጉ እርሻም ገና አልጠነከረም፤ አባወራውም እማወራዋም ቁጭ ብለው ለመነጋገር ጊዜ ያገኛሉ። ከነሐሴ በኋላ እህሉ ከጎተራ ሲያልቅ የተጠየቀ ሰው ስለ ነገ የሚሰጠው መልስ በጥር ከሚሰጠው ይለያል፤ ይህንንም ለማወቅ ያንኑ ሁለት መቶ ሰው በመስከረም ለሦስተኛ ጊዜ መጠየቅ ይበቃል።